በሐምሌና በነሐሴ ልጆችን ይዞ ስኪ፦ ወደ ኒውዚላንድ ለሚሄድ ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

ልጆች ትምህርት የሚዘጉት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ የኮሎራዶም ሆነ የአልፕስ በረዶ አብዛኛው ቀልጧል፣ ዲሲም ሮምም ሙቀት ነው፣ የዱባይና የሪያዱማ አይነሳ። ከምድር ወገብ በታች ግን ብርዱ ገና መጠንከሩ ነው። ቺሊ፣ አርጀንቲና፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ በረዶ ላይ መንሸራተት የሚቻለው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ከትምህርት ሳታስቀሩ ስኪ ማስተማር ከፈለጋችሁ መንገዱ ወደ ደቡብ ነው።

ከአሁኑ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ጉዞ የሚሳካውም የሚበላሸውም ትንሹ ልጃችሁ በረዶ ላይ በሚያሳልፋቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው። እግሩ ሞቆት፣ ጫማው ተመችቶት፣ አስተማሪው እየሳቀ ካስጀመረው ቀሪውን ሳምንት እሱ ራሱ ነው እናንተን ጎትቶ የሚያወጣችሁ። ጣቱ ቀዝቅዞ እያለቀሰ ከወረደ ግን ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣችሁበት ተራራ ለእሱ የቅጣት ቦታ ይሆንበታል። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ለእነዚያ ሁለት ሰዓታት የሚደረግ ዝግጅት ነው ብላችሁ አንብቡት።

የምመክረው ኒውዚላንድን ነው፤ ከኒውዚላንድም የደቡብ ደሴቱን የኩዊንስታውንና የዋናካ አካባቢ። ምክንያት አለኝ። ከተሞቹ ሐይቅ ዳር ዝቅ ብለው የተቀመጡ ስለሆኑ ማታ የምታድሩት በረዶ ውስጥ አይደለም፤ በዚያ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ተራሮቹም ከፍታቸው ልከኛ ነው። የቺሊዎቹ አንዲስ ላይ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጉ ትንንሽ ልጆችን ራስ ምታት ሊያስይዙ ይችላሉ። በዋናካ አካባቢ ያለው የትሬብል ኮን የስኪ ተራራ ከፍተኛ ቦታ ግን 2,088 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አየር አያጥረውም። የሚፈትነው ብርዱ ነው፤ ኩዊንስታውን በስተ ደቡብ 45ኛው ዲግሪ ላይ ናት።

መንገዱ ሩቅ መሆኑን ግን አትርሱ። ከዶሃ ኦክላንድ ብቻ 16 ሰዓት ገደማ በረራ ነው፤ ከዚያ ወደ ኩዊንስታውን ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ሌላ በረራ አለ። ከአሥር ቀን ያነሰ ጊዜ ካላችሁ ድካሙ አያዋጣም።

1. ጊዜውን መምረጥ

የስኪው ወቅት በግምት ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ከጁን አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው። በጁላይ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት የኒውዚላንድ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ የአውስትራሊያዎቹም በዚያው ሰሞን ስለሚዘጉ ተራራው ይጨናነቃል፣ ክፍል ይወደዳል፣ የልጆች ትምህርት ቦታ ይሞላል። ከቻላችሁ ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት መጨረሻ ያለውን ያዙ። በረዶውም የተሻለ የሚከማቸው ያኔ ነው።

ነሐሴን ስትመርጡ ፍልሰታ አለላችሁ። ከነሐሴ 1 እስከ 16፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው። ፍልሰታን የሚጾሙ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በብርድ የሚንቀሳቀስ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይራባል። ወይ ከነሐሴ 16 በኋላ ሂዱ፣ ወይ የጾም ምግብ ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ያዙ። የራስን ምሳ ይዞ ተራራ መውጣት ኒውዚላንድ ውስጥ የተለመደ ነው፣ ማንም አያፈጥባችሁም። ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ቴምር፣ በቴርሞስ የምስር ሾርባ በቂ ነው። ካፌ የምትገዙ ከሆነ ድንቹ በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ፤ በከብት ሞራ የሚጠብሱ አሉ።

2. ወረቀቱን ቶሎ መጨረስ

የአሜሪካ፣ የእስራኤል፣ የእንግሊዝ ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ከመነሳቱ በፊት ኤንዚኢቲኤ የሚባለውን ፈቃድ በስልክ መተግበሪያ ወይም በድረ ገጽ ማውጣት አለበት። እስከ 72 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ለመጨረሻዋ ቀን አታቆዩት። ከፈቃዱ ጋር የሚከፈል የጎብኚዎች ክፍያ አለ፤ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሰው 100 የኒውዚላንድ ዶላር ሆኗል። ሕፃንም ይሁን አዋቂ እያንዳንዱ የየራሱን ያወጣል። አምስት ሰው ከሆናችሁ ከወዲሁ በበጀታችሁ ያዙት።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን መደበኛ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። ወራት ቀደም ብሎ ይጀምር። በአውስትራሊያ በኩል የሚያልፍ ከሆነም ለእሷ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቅ እንደሆነ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ያጣራ። እናትና አባት አንደኛው አሜሪካዊ፣ ሌላኛው ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዙበት ቤት ብዙ ስለሆነ ነው ይህን ያጠበቅኩት። የቲኬቱን ቀን የሚወስነው ቪዛው የሚዘገየው ሰው ነው።

ልትነሱ አንድ ቀን ሲቀራችሁ ደግሞ የመግቢያ ቅጽ በኦንላይን ትሞላላችሁ። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት።

3. ሻንጣ ውስጥ ያለውን ምግብ ማስመዝገብ

ይህን ክፍል አትዝለሉት፣ በተለይ እናቶች። ኒውዚላንድ ምግብና የአፈር ንክኪ ያለበትን ዕቃ እንደምትፈትሽ የሚፈትሽ አገር ጥቂት ነው። የምትበሉትን ሁሉ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ቡና፣ የልጅ ብስኩት ሳይቀር፣ ቅጹ ላይ አስመዝግቡ። ካስመዘገባችሁ የሚሆነው ቢበዛ ሊወሰድባችሁ ነው። ሳታስመዘግቡ ከተገኘባችሁ እዚያው ቆማችሁ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ትቀጣላችሁ።

ማርና ቋንጣ ተዉአቸው፣ አይገቡም። የቤት ቅቤም እንደዚሁ፤ ባትሞክሩት ይሻላል። ሽሮና በርበሬ በፋብሪካ ታሽጎ ስም የተጻፈበት ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ቡናውን ቆልታችሁና ፈጭታችሁ ውሰዱ፤ ጥሬው ዘር ስለሆነ ጥያቄ ያመጣል። የእግር ጉዞ ጫማ ካላችሁ ሶሉ ላይ ያለውን ጭቃ በብሩሽ አጽዱና እሱንም አስመዝግቡ።

4. የት ማደር፣ የትኛው ተራራ

በዚህ አካባቢ አራት ዋና ዋና ተራሮች አሉ። ኮሮኔት ፒክ ከኩዊንስታውን 25 ደቂቃ ገደማ ነው። መንገዱ እስከ ላይ አስፋልት ነው፣ ሰው ሠራሽ በረዶም ይረጫሉ፣ በወቅቱ በተወሰኑ ምሽቶች በመብራት ስለሚከፍቱ ጎረምሶች ይወዱታል። ሪማርከብልስ ወደ 45 ደቂቃ ይርቃል፤ ለጀማሪ የሚሆን ጥሩ ሜዳ አለው። ካርድሮና በኩዊንስታውንና በዋናካ መካከል ነው፤ ሰፋፊና ለስላሳ ቁልቁለቶች ያሉት፣ ሕፃናት የሚቆዩበት መዋያ እዚያው ተራራው ላይ ያለው ነው። ትሬብል ኮን ግን ተዳፋቱ ስለሚበረታ ልጆቹ በደንብ መዞርና መቆም እስኪችሉ ድረስ አታስቡት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ዋናካ እደሩና ካርድሮናን ያዙ። ዋናካ ጸጥ ያለች ናት፣ ተራራውም ከዚያ 35 ደቂቃ ገደማ ነው። ልጆቹ ከፍ ካሉ ወይም ስኪ የማይነኩ አያቶች አብረዋችሁ ካሉ ግን ኩዊንስታውን ይሻላል፤ እማማ ሆቴል ተቀምጠው እንዳይሰለቹ ሐይቅ ዳር መናፈሻ፣ ካፌ፣ ወደ ተራራ የሚያወጣ የገመድ መኪና አለ። ክፍሉ ወጥ ቤትና ልብስ ማድረቂያ ያለው አፓርታማ ቢሆን እመርጣለሁ። እርጥብ ጓንት ሳይደርቅ ካደረ በማግስቱ ጠዋት አንድ ልጅ ከጨዋታ ውጭ ነው።

5. ልብስ

ጥጥ አታልብሷቸው። ጥጥ ላብና በረዶ ይጠጣል፣ ከዚያ አይደርቅም፣ ልጁም ይንቀጠቀጣል። ጂንስ ሱሪ፣ የጥጥ ካልሲ፣ የጥጥ ኮፍያ ያለው ሹራብ ሁሉ ሆቴል ይቅሩ። ሦስት ድርብ ይበቃል። ከሰውነት ጋር የሚጣበቀው የሜሪኖ ሱፍ ወይም የፖሊስተር ተርማል (የሚያሞቅ የውስጥ ልብስ) ይሁን፣ መሃሉ ፍሊስ (ለስላሳ የሚያሞቅ ሹራብ)፣ ላዩ ውኃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። የላዩን እዚያው መከራየት ስለሚቻል ለአንድ ሳምንት ብላችሁ ውድ ጃኬት አትግዙ። ተርማሉን፣ ጓንቱንና ካልሲውን ግን ግዙ።

ካልሲ አንድ ብቻ። እናቶቻችን ሲበርድ ደርበሽ ልበሺ ይሉናል፣ ስኪ ጫማ ውስጥ ግን ሁለት ካልሲ እግርን ጨምቆ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያደርግ ጭራሽ ያቀዘቅዛል። እስከ ጉልበት የሚደርስ አንድ ረጅም የስኪ ካልሲ፣ ሳይሸበሸብ። የተርማሉም ጫፍ ጫማ ውስጥ እንዳይገባ፤ ውስጥ መግባት ያለበት ካልሲው ብቻ ነው።

ለልጅ ጣት ጣት ካለው ጓንት ይልቅ አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበት ይሻላል፣ ይሞቃል፣ ለማልበስም ይቀላል። ሁለት ጥንድ ያዙ። በሻርፕ ፋንታ በአንገት የሚጠለቅ ክብ ጨርቅ አድርጉላቸው፤ የተንጠለጠለ ሻርፕ ሊፍት ላይ (ሰዎችን ወደ ቁልቁለቱ አናት በሚያወጣው ማመላለሻ) ሊያዝ ይችላል።

የፀጉር ነገር። ሄልሜት ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ግጥም ማለት አለበት፣ በሄልሜቱና በበረዶ መነጽሩ መካከል ግንባር መታየት የለበትም። ወፍራም ጉትዬ ወይም ዶቃ የበዛበት ሹሩባ ሄልሜቱን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ በወደቀች ጊዜ አያድናትም። ከጉዞው በፊት ወደ ታች የተኛ ቀጭን ሹሩባ ተሠሩላቸው፤ ሳምንቱን ሙሉም ማበጠር አይኖርባችሁም።

ጋቢውን ለማታ ያዙት። ከተራራ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ሻይ መጠጣትን የሚያህል ነገር የለም።

6. ዕቃ ኪራይ

የሚከራየው ስኪው፣ ጫማው፣ ዱላውና ሄልሜቱ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ከተማ ውስጥ ሄዳችሁ ተረጋግታችሁ ተከራዩ። ጠዋት ተራራ ላይ ተሰልፎ መከራየት ያችን ሁለት ሰዓት ይበላባችኋል።

ከሁሉ ዋናው ጫማው ነው። ቁጥሩ የእግር ርዝመት በሴንቲሜትር ስለሆነ ቤት ሳላችሁ የሁሉንም እግር ለክታችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም አውራ ጣቱ ጫፉን ነካ ማድረግ አለበት፤ ጉልበቱን አጠፍ ሲያደርግ ደግሞ ሸሸት ይላል። ተረከዙ ከፍ ከፍ የሚል ከሆነ ሰፍቷል። «ነገ ያድግበታል» ብላችሁ ሰፊ እንዳትወስዱ። በሰፊ ጫማ ስኪውን ማዘዝ አይችልም። አሥር ደቂቃ አድርጎት ይራመድ፣ የሚወጋው ነገር ካለ በሌላ አስቀይሩ፣ አትፈሩ፣ ሥራቸው ነው።

ክብደት፣ ቁመትና ዕድሜ ይጠይቋችኋል። እውነቱን ተናገሩ። ስትወድቁ ጫማውን ከስኪው የሚያላቅቀው መቆለፊያ የሚስተካከለው በዚያ ቁጥር ነው፤ አምስት አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው ትንሽ በተነካ ቁጥር ይፈታበታል፣ የጨመረ ደግሞ ሲወድቅ አልፈታ ብሎት ጉልበቱን ይጎዳል። ለጀማሪ ልጅ ስኪው ከደረቱ እስከ አገጩ ቢደርስ ይበቃል።

7. ትምህርቱን ለአስተማሪ ተዉት

ልጃችሁን ራሳችሁ አታስተምሩ፣ የምትችሉ ብትሆኑ እንኳ። ልጅ ወላጁ ፊት ያለቅሳል፣ ይነጫነጫል፣ አስተማሪ ፊት ግን ከጓደኞቹ ላለማነስ ይሞክራል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከአምስት ዓመት በላይ ላለው የቡድን ትምህርት ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ቀን ግን እሱንም ግማሽ አድርጉለት። ኪራይን፣ ትምህርትንና የጀማሪ ሊፍትን አንድ ላይ የያዘ የጀማሪ ጥቅል ይሸጣሉ፤ በኦንላይን ቀድማችሁ ያዙ። አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች የሊፍት ክፍያ ብዙ ቦታ የለም።

እናንተም ተማሩ። «እኔ ልጆቹን ልጠብቅ» ብሎ ጥግ ላይ ቆሞ የሚበርደው አባት ብዙ ነው። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም ነው፣ እ.ኤ.አ. 2006 ቶሪኖ ከዚያም 2010 ቫንኩቨር፣ በአገር አቋራጭ ስኪ። ልጆቹ ስሙን ይወቁት። «ይሄ የእኛ አይደለም» ለሚል አጎትም መልስ ይሆናል።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህን ይመስላል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በአንድ ስኪ መራመድ፣ ከዚያ በሁለቱ፣ ከዚያ የስኪዎቹን ጫፍ ፊት ለፊት አቀራርቦ ኋላቸውን ከፍቶ ፍጥነት መቀነስ። ለልጆች «ፒዛ ሥራ» ይሏቸዋል። ጉልበት አጠፍ፣ እጅ ወደ ፊት፣ ዓይን ወደሚሄዱበት። ወደ ኋላ መደገፍ የፈራ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ያኔ ስኪው ያመልጣል። መውደቅ ካልቀረ ወደ ጎን፣ በቂጥ። ወደ ላይ የሚወጣው በተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ስለሆነ ማንም አይፈራውም።

8. ወደ ተራራው መንገድ

ኒውዚላንድ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው። ከኢትዮጵያም ከአሜሪካም ለሚሄድ አዲስ ነው፤ ስለዚህ ከረጅም በረራ ወርዳችሁ በማታ አትንዱ። በዚያ ላይ ጠዋት መንገዱ የቀዘቀዘ በረዶ አለበት፣ በጁላይ ፀሐይ የምትወጣውም ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የማትተማመኑ ከሆነ ከከተማው ወደ ተራሮቹ የሚወጡ አውቶቡሶች አሉ፣ ያለ ምንም ማቅማማት እሱን ያዙ።

የምትነዱ ከሆነ መኪናው ከጎማ ሰንሰለት ጋር ይሁን፤ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ በደረቅ ቀን ማሰሩን ተለማመዱ። ሰንሰለት የሚታሰረው ሞተሩ በሚነዳው ጎማ ላይ ስለሆነ የፊቱ ይሁን የኋላው ጠይቁ። ናፍጣ መኪና ከሆነ ነዳጁን እዚያው ተራራማው አካባቢ ቅዱ፤ ለቅዝቃዜ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ ከቆላ የተቀዳው ሌሊት ሊረጋ ይችላል። በኩዊንስታውንና በዋናካ መካከል ያለው የክራውን ሬንጅ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ በረዶ ሲጥል ሰንሰለት የግድ ይሆናል። የካርድሮናው መውጫ ጠጠር ነው፣ ቀስ በሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተራራውን ድረ ገጽ አይታችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ ልጆቹን አታልብሱ።

ሕጉ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ በተፈቀደ የልጅ ወንበር እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ከመኪናው ጋር አብራችሁ ተከራዩ።

9. ቀኑ ተራራ ላይ

ሊፍት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይሠራል። ጫማውን ከማሰራችሁ በፊት ሁሉም ሽንት ቤት ይሂድ፣ አላስፈለገኝም የሚለውም ጭምር። ሰንስክሪን ፊት ላይ፣ ከአፍንጫ ሥርና ከአገጭ በታችም ተቀቡ። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ ወደ ላይ ይመልሳል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ዓይን ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ልጁ መነጽሩን አላደርግም ካለ ወደ በረዶው አይወጣም።

በየሰዓቱ ግቡ። የልጁን ጓንት አውልቃችሁ ጣቱን በእጃችሁ ያዙት። ቀዝቃዛ ከሆነ ወይም ተጫዋቹ ልጅ ዝም ካለ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ትኩስ ነገር ይጠጣ። «ከፍለንበታል እኮ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣባችሁ አስወጡት። ልጆች የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ ሲደክማቸው፣ «አንድ የመጨረሻ ዙር» ሲባል ነው።

የቁልቁለቶቹ ቀለም አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ ለመካከለኛ፣ ጥቁር ለጎበዝ ነው። ለልጆቹ አራት ነገር አስጠኗቸው። ከፊትህ በታች ያለው ሰው ቅድሚያ አለው። ከመነሳትህ በፊት ወደ ላይ እይ። መሃል መንገድ ላይ፣ በተለይ ከጉብታ ሥር፣ አትቁም። ከጠፋህ ካለህበት አትንቀሳቀስ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጥራ። የእናንተን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ክተቱ። ሰው ከተጎዳ ከእሱ በላይ ሁለት ስኪ አጣምራችሁ በረዶው ላይ በመስቀል ቅርጽ አቁሙና የነፍስ አድን ሠራተኞቹን ጥሩ።

ኒውዚላንድ ውስጥ በአደጋ የተጎዳን ሰው፣ ጎብኚም ቢሆን፣ የሕክምና ወጪውን አብዛኛውን የሚሸፍን ኤሲሲ የሚባል የመንግሥት ሥርዓት አለ። ሕመምን፣ የተሰረዘ ጉዞንና ወደ አገር መመለሻን ግን አይሸፍንም። ስለዚህ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ፣ ውሉ ላይ «ስኪ» የሚል መጻፉን በዓይናችሁ አይታችሁ።

10. ሦስተኛው ቀን ዕረፍት

ሦስተኛው ቀን ላይ የሁሉም እግር ይዝላል፣ ልጆችም ይነጫነጫሉ። የሊፍት ትኬት ስትገዙ ተከታታይ ያልሆነ ቀን የሚፈቅደውን ምረጡና ያን ቀን አትውጡ። እ.ኤ.አ. በ1912 የተሠራችውን በእንፋሎት የምትሄድ የኧርንስሎው መርከብ ተሳፈሩ፤ ልጆች የእሳት ክፍሉን ከላይ ሆነው የድንጋይ ከሰል ሲጨመርበት ማየት ይችላሉ። ወይም እ.ኤ.አ. በ1862 ወርቅ የተገኘባትን የአሮታውን ከተማ በእግር ዙሩ፣ ወንዙ ዳር ድንጋይ ይወርውሩ። ሜልቦርን ላላችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ ሳያስፈልግ ልጁ በረዶን ይወደው እንደሆነ ለመሞከር ሁለት ሰዓት ነድታችሁ ሌክ ማውንቴን የሚባለው ተራራ ላይ በስሌጅ (በረዶ ላይ በሚንሸራተት መቀመጫ) ማንሸራተት ትችላላችሁ።

የመመለሻውን ቀን ስታቅዱ አንድ ነገር አስቡ፤ የኩዊንስታውን አውሮፕላን ማረፊያ በተራሮች መካከል ያለ ስለሆነ በጭጋግና በበረዶ ቀን በረራ ይሰረዛል ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይዞራል። ረጅሙ በረራችሁ ከኦክላንድ ወይም ከክራይስትቸርች ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ከተራራው ውረዱና እዚያ እደሩ። በዚያ ቀን ስኪ አትውጡ፤ የተከራያችሁትን በቀድሞው ማታ መልሱ፣ እርጥቡን ልብስ አድርቃችሁ ሻንጣ ክተቱ፣ አንድ ደረቅ ካልሲና ሹራብ ለእያንዳንዱ ልጅ በእጅ ቦርሳ ያዙ።